ነጩን ቬሎ ሰማያዊ ያደረገው ማን ነው?

ሕግ የተማረ ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ሲሄድ ዕረፍት የለውም፡፡ እኔም ጌዶ በሄድኩ ቁጥር አንዱ የድንበር፣ ሌላው የውርስ ጉዳዩን ይዞ ይመጣል፡፡ ጌዶን ለማያውቁ አንባቢያን፣ ከአምቦና ከጉደር አልፎ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ብርዷ የሚታወቅ የምዕራብ ሸዋ ደጋ ከተማ ናት፡፡ ባለፈው ጊዜ የቀረበልኝ ክርክር ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ገጥሞኝ የማያውቅ ዓይነት ነበር፡፡ የክርክሩ መነሻ የሠርግ አልበም ነው፡፡

ከሳሽ የሙሽራዋ አባት ናቸው፡፡ ተከሳሽ ደግሞ የከተማዋ ወጣት ፎቶ አንሺ፡፡ እንደ አባትየው አቤቱታ ልጃቸው የለበሰችው ቬሎ ነጭ ነበር፤ ለዚህም ሠርገኛው ሁሉ ምስክር ነው፡፡ በአልበሙ የመጨረሻ ገጾች ላይ ግን ቬሎው በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በሌላው ወገን ብርቱካናማ ሆኗል፡፡ ከኋላዋ ያለው ግድግዳም ወይን ጠጅ መስሏል፡፡ አባትየው ለነጭ ቬሎ ከፍለው ሰማያዊ ሊቀበሉ እንደማይገባ ገልጸው ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፡፡ ወጣቱ በበኩሉ ያበላሸሁት ነገር የለም ባይ ነው፡፡ ፎቶውን ያነሳው ጄል የሚባለውን ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ፍላሹ ላይ አስሮ እንደሆነ፣ ይህም በሙያው የታወቀ ጥበብ መሆኑን፣ ሙሽራዋም አይታ እንደወደደችው አስረዳ፡፡ ሥራውን ሲጀምር ጄል መግዛት ስላልቻለ የከረሜላ መጠቅለያ እያሰረ ይለማመድ እንደነበርም ሳይደብቅ ነገረኝ፡፡

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፡፡ ለመሆኑ ነጩን ቬሎ ሰማያዊ ያደረገው ማን ነው? ፎቶ አንሺው ነው? ፕላስቲኩ ነው? ካሜራው ነው? ወይስ የቬሎው ነጭነት ራሱ እኛ እንደምናስበው የቬሎው የግል ንብረት አልነበረም? ጉዳዩን ሳሰላስል ለዚህ ክርክር ከአንድ ሰው የተሻለ ምስክር እንደማይገኝ ተረዳሁ፡፡ ችግሩ ምስክሩ ከሞተ ከ140 ዓመት በላይ ማለፉ ነው፡፡ ስሙ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ይባላል፡፡ ዛሬ በዚህ ገጽ የማቀርበው የእሱን ሕይወት ነው፤ ፍርዱም ከሕይወቱ ውስጥ ይገኛል፡፡

ማክስዌል የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1831 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤደንብራ ነው፡፡ እኔን ከሁሉ አስቀድሞ የሳበኝ አባቱ ጠበቃ መሆናቸው ነው፡፡ ጠበቃ ይባሉ እንጂ ልባቸው ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ ማሽንና ወደ ፈጠራ ሥራ ያደላ ነበር፡፡ ልጁ ያደገው ግሌንሌር በተባለው የገጠር ርስታቸው ላይ ነው፡፡ ገና ነፍስ ሳያውቅ ጀምሮ የሚያየው ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቅ አያልፍም፡፡ የጥያቄው መልስ ድፍን ያለ ከሆነም አይቀበልም፤ የዚያን የተለየ ነገር አሠራር ለይታችሁ ንገሩኝ ብሎ ድርቅ ይላል፡፡ ጥሩ መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብ ጠበቃ ይወጣው ነበር እላለሁ፡፡ እናቱ በ1839 በካንሰር ሲሞቱበት 8 ዓመቱ ነበር፡፡

በ10 ዓመቱ ኤደንብራ ወደሚገኝ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ሲገባ የገጠር ልብሱና የገጠር አነጋገሩ የከተማ ልጆች መሳቂያ አደረገው፡፡ ጅል የሚል ቅጽል ስምም አወጡለት፡፡ ከጌዶ፣ ከባኮ ወይም ከጊንጪ ተነስቶ አዲስ አበባ ገብቶ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፡፡ ይሁንና ጅል የተባለው ልጅ በ14 ዓመቱ ስለ ሞላላ ቅርጾች የጻፈው ጥናት በ1846 በኤደንብራ ሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ላይ ቀረበ፡፡ ልጁ በጉባኤው ፊት ለመቆም ዕድሜው አልደረሰም ስለተባለ ጥናቱን ያቀረቡለት ፕሮፌሰር ጄምስ ፎርብስ ነበሩ፡፡

ወደ ቀለም ጉዳይ የመሩትም እኚሁ ፎርብስ ናቸው፡፡ ማክስዌል በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ፕሮፌሰሩ ባለቀለም ወረቀቶችን ክብ ሰሌዳ ላይ አድርገው በፍጥነት ያሽከረክሩ ነበር፡፡ ሰሌዳው ሲሽከረከር ዓይን ቀለማቱን ለየብቻ ለማየት ጊዜ ያጥረውና አንድ ድብልቅ ቀለም ያያል፡፡ ሁላችንም በልጅነታችን ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ ይሆናሉ ተብለን ተምረናል፡፡ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ግን ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ አልሆኑም፡፡ ምክንያቱን አጥርተው ካስረዱት መካከል ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝና ማክስዌል ዋነኞቹ ናቸው፡፡ ቅብ ማደባለቅና ብርሃን ማደባለቅ ለየቅል ናቸው፡፡ እያንዳንዱ ቅብ ከብርሃኑ ላይ የራሱን ድርሻ ውጦ ያስቀራል፤ ስለዚህ ሲደባለቁ የሚቀረው ያንሳል፡፡ ብርሃን በብርሃን ላይ ሲያርፍ ግን ይደመራል፡፡

ማክስዌል ከኤደንብራ ወደ ካምብሪጅ አመራና በ1854 በሒሳብ በሁለተኛ ደረጃ ተመረቀ፡፡ በቀጣዩ ዓመት ባቀረበው ጥናት የመምህሩን ሰሌዳ አሻሽሎ መለኪያ መሣሪያ አደረገው፡፡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀቶችን በሽክርክሪቱ ውጫዊ ክብ ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ወረቀቶችን ደግሞ በውስጠኛው ክብ ላይ አደረገ፡፡ ከዚያም ሁለቱ ክቦች አንድ ዓይነት ግራጫ እስኪመስሉ ድረስ የእያንዳንዱን ወረቀት ስፋት እያስተካከለ ቁጥሩን መዘገበ፡፡ በዚህ መንገድ ቀለም ስም ብቻ መሆኑ ቀርቶ በቁጥር የሚጻፍ ነገር ሆነ፡፡ ሦስቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን በመደባለቅ ዓይናችን የሚያውቃቸውን አብዛኞቹን ቀለማት ማስገኘት እንደሚቻልም አሳየ፡፡ ዛሬ በየቤታችን ያለው የቴሌቪዥን መስታወት የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው፡፡

በ1856 ገና ወጣት ሳለ በአበርዲን ከተማ በማሪሻል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፡፡ በዚያው ዓመት አባቱ ዐረፉ፡፡ በ1858 የኮሌጁን ኃላፊ ልጅ ካትሪን ዲዋርን አገባ፡፡ በ1860 በከተማው የነበሩት ሁለት ኮሌጆች ሲዋሃዱ ግን ለአንድ ትምህርት አንድ ፕሮፌሰር ይበቃል ተባለና ሥራውን አጣ፡፡ ዛሬ ፊዚክስ ያለ እሱ ስም የማይነገርለት ሰው፣ በእኛ አነጋገር፣ በአዲሱ መዋቅር ቦታ አልተገኘለትም፡፡

ሥራ ያገኘው ለንደን በኪንግስ ኮሌጅ ነው፡፡ በመኖሪያ ቤቱ ሰገነት ላይ የሬሳ ሣጥን የሚመስል ረጅም ሣጥን አስቀምጦ፣ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም እየበተነ፣ ቀለማቱን እየመረጠ እንደገና ይደባልቅ ነበር፡፡ ጎረቤቶቹ ሰውየው ለረጅም ሰዓት ሬሳ ሣጥን ውስጥ አተኩሮ ሲመለከት አይተው አእምሮው ተነክቷል እስከ ማለት ደርሰው ነበር ይባላል፡፡ ካትሪንም አብራው ትለካ ነበር፡፡ የሁለቱ ዓይን ቀለማቱን በተወሰነ መጠን አለያይቶ እንደሚያይ ከቁጥሮቹ ታወቀ፡፡ የእሷ ልኬት በታተመው ጥናት ውስጥ ቢገባም ስሟ አልተጻፈም፤ የተጠቀሰችው በአንድ ፊደል ብቻ ነው፡፡ ሮያል ሶሳይቲ በ1860 ማክስዌልን ለቀለም ጥናቱ የራምፎርድ ሜዳሊያ ሸልሞታል፡፡

እንግዲህ የጌዶው ጄል የሚገባን እዚህ ላይ ስንደርስ ነው፡፡ ሰማያዊ ጄል ለብርሃኑ ሰማያዊ ቀለም የሚጨምርለት ይመስለናል፡፡ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፡፡ የፍላሹ ነጭ ብርሃን ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሰማያዊውንም ይዞ ነው የሚወጣው፡፡ ጄሉ ቀዩንና አብዛኛውን አረንጓዴ ውጦ ያስቀርና ሰማያዊውን ያሳልፋል፡፡ ጄል የሚሠራው በመስጠት ሳይሆን በመከልከል ነው፡፡ ጠቆር ያለ ጄል ሲታሰር የፍላሹን ኃይል መጨመር ግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው፡፡ ቀይና አረንጓዴ ጄል ደራርበው አንድ ፍላሽ ላይ ቢያስሩ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ስለሚከለክል ከሞላ ጎደል ጨለማ ያገኛሉ፡፡ ቀዩን በአንድ ፍላሽ፣ አረንጓዴውን በሌላ ፍላሽ አድርገው አንድ ነጭ ግድግዳ ላይ ቢያበሩ ግን ግድግዳው ቢጫ ይሆናል፡፡ ሦስተኛ፣ ሰማያዊ ፍላሽ ቢጨምሩ ወደ ነጭ ይመለሳል፡፡ በመካከል ሰው ቢቆም ደግሞ ጥላዎቹ ባለቀለም ይሆናሉ፤ ሰማያዊው ብርሃን የተጋረደበት ጥላ ቢጫ ሆኖ ይታያል፡፡

ቬሎ ነጭ የሚሆነው የመጣለትን ብርሃን ሁሉ ስለሚመልስ ነው፡፡ ነጠላም እንደዚሁ፡፡ ስለዚህ ሰማያዊ ብርሃን ቢመጣለት ሰማያዊውን ይመልሳል እንጂ ሌላ ከየት ያመጣል? ቀይ ልብስ ግን ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት የሚመልሰው ስለሌለው ወደ ጥቁር ይጠጋል፡፡ የእኛ ቡናማ ቆዳም ከሰማያዊው ይልቅ ቀዩን ብርሃን አብልጦ ይመልሳል፤ ሰማያዊ ጄል ብቻውን ፊት ላይ ሲያርፍ ፊትን የሚያጨልመው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ ፊቱን በባዶ ፍላሽ አብርቶ፣ ባለቀለሙን ለግድግዳው ወይም ለትከሻው ጠርዝ ይተወዋል፡፡

ጄል ለጌጥ ብቻ አይደለም፡፡ ማታ በክር አምፖል በሚበራ አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ያነሳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፡፡ የፍላሽ ብርሃን የቀን ብርሃን ዓይነት ነው፤ በባለሙያዎች መለኪያ ወደ 5500 ኬልቪን ይጠጋል፡፡ የክር አምፖል ግን ወደ 2800 ገደማ በመሆኑ ብርቱካናማ ነው፡፡ ሁለቱ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲገናኙ ወይ ሰዎቹ ሰማያዊ፣ ወይ አዳራሹ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል፡፡ ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ጄል አስረው ካሜራውን ለአምፖል ብርሃን ሲያስተካክሉት ግን ሁለቱ ይስማማሉ፡፡ ጄሉ እዚህ ላይ አስታራቂ ሽማግሌ ሆነ ማለት ነው፡፡ የመለኪያው ስም የተወሰደባቸው ሎርድ ኬልቪንም የማክስዌል ወዳጅና የደብዳቤ ተጻጻፊ ነበሩ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ እንለፍ፡፡ እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1861፣ በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ማክስዌል ለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ሦስቱ ዋና ቀለማት ንግግር አደረገ፡፡ ከዚያ አስቀድሞ ቶማስ ሰተን የተባለ ፎቶ አንሺ ጥቁር ከፋይ ላይ የተቀመጠ የስኮትላንድ ባለመስመር ጥብጣብ በተለያዩ ቀለማት ማጣሪያዎች አንስቶለት ነበር፡፡ ያን ጊዜ የፕላስቲክ ጄል አልነበረም፡፡ ማጣሪያው በመስታወት ዕቃ ተሞልቶ ከሌንሱ ፊት የሚቆም ባለቀለም ፈሳሽ ነው፡፡ ሰማያዊውና አረንጓዴው ከመዳብ ጨዎች፣ ቀዩ ደግሞ ከብረት ጨው የተዘጋጁ ነበሩ፡፡ በሰማያዊው ፈሳሽ በኩል ለማንሳት 6 ሰከንድ በቃ፡፡ በአረንጓዴው በኩል ፈሳሹን አቅጥኖም 12 ደቂቃ፣ በቀዩ በኩል 8 ደቂቃ ፈጀ፡፡

ከእነዚህ የተዘጋጁት ሦስት ምስሎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አንዳቸውም ቀለም የላቸውም፡፡ ማክስዌል በሦስት ፕሮጀክተሮች ላይ አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ፊት ምስሉ የተነሳበትን ባለቀለም ፈሳሽ አቁሞ፣ ሦስቱን ምስሎች በአንድ መጋረጃ ላይ አነባበራቸው፡፡ ጥብጣቡ ከነቀለሙ ታየ፡፡ የመጀመሪያው ባለቀለም ፎቶግራፍ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው፡፡ እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው ነው፡፡ ታዳሚው በትርኢቱ ተደስቶ ሳለ ቀዩና አረንጓዴው ምስል የሰማያዊውን ያህል በደንብ እንዳልወጡ፣ ቀይና አረንጓዴ ብርሃንን የበለጠ የሚያውቅ የፎቶ ኬሚካል ካልተገኘ ሥራው የተሟላ እንደማይሆን በግልጽ ተናገረ፡፡ የራሱን ማስረጃ ድክመት ራሱ ያስመዘገበ ተከራካሪ በሙያዬ እምብዛም አልገጠመኝም፡፡

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፡፡ በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶ ኬሚካል ቀይ ብርሃንን ከነጭራሹ አያይም ነበር፡፡ ታዲያ በቀዩ ማጣሪያ በኩል ምስል እንዴት ሊወጣ ቻለ? መልሱ የተገኘው በመቶኛ ዓመቱ በ1961 ነው፡፡ በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ራልፍ ኢቫንስ ሙከራውን ደግሞ ሲያጠና፣ ቀዩ ፈሳሽ በዓይን የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ጭምር ያሳልፍ እንደነበር ደረሰበት፡፡ ቀያይ የጨርቅ ማቅለሚያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ጨረር ይመልሳሉ፡፡ ቀይ ነው የተባለው ምስል በእውነቱ የአልትራቫዮሌት ምስል ነበር! ማክስዌል ድምዳሜው ትክክል ነው፤ ለዚያ ምስል የሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ፡፡ በእኛ ፍርድ ቤቶች ቋንቋ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን በምክንያት ለውጥ አጸናው፡፡

ከማክስዌል ፈሳሽ እስከ ዛሬው ጄል ያለው መንገድ አጭር ነው፡፡ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ራተን ባለቀለም ጄላቲንን ለፎቶ ማጣሪያነት አዘጋጅቶ ይሸጥ ጀመር፤ ድርጅቱን ኮዳክ በ1912 ገዛው፡፡ ጄል የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ከጄላቲን ነው፡፡ አሁን ፕላስቲክ ቢሆንም ስሙ አልተለወጠም፡፡ በ1976 ደግሞ የኮዳኩ ብራይስ ባየር በዲጂታል ካሜራ ዓይን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጥቃቅን ማጣሪያዎችን የሚደረድር ፈጠራ አስመዘገበ፡፡ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ካሜራም በአብዛኛው በዚሁ ዘዴ ይሠራል፡፡

በዚህ መሠረት የጌዶውን ጉዳይ ወሰንኩ፡፡ አባትየው ባለቀለም ፕላስቲክ የነካው ፎቶ እውነተኛ አይደለም ያሉትን ክርክር አልተቀበልኩም፡፡ ነጭ ነው ብለው የወደዱት ፎቶም ቢሆን በካሜራው ውስጥ በሦስት ባለቀለም ማጣሪያዎች ተበትኖ እንደገና የተሰበሰበ ነው፡፡ ሌላው ቢቀር የወጣቱ ማጣሪያ ከፍላሹ ላይ ታስሮ ሁሉም ያየዋል፤ የካሜራውን ማጣሪያ ግን ማንም አያየውም፡፡ ወጣቱም ቢሆን በነፃ አልተለቀቀም፡፡ ቀለም የሚቀይር ሰው መቀየሩን ለከፋዩ አስቀድሞ መንገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ፎቶ ያለ ጄል አንስቶ ማስቀመጥ አለበት፡፡ ማክስዌል ጉድለቱን ለታዳሚው እንደተናገረ፣ ፎቶ አንሺም የከለከለውን ብርሃን መናገር ይጠበቅበታል፡፡ ያለ ጄል የተነሱት ፎቶዎች ወጣቱ ዘንድ ስለነበሩ አትሞ አልበሙ ላይ እንዲጨምር፣ ገንዘቡም እንዳይመለስ ተስማሙ፡፡

ማክስዌል በቀለም ላይ አልቆመም፡፡ ለንደን ሳለ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን በሒሳብ አስተሳስሮ፣ ብርሃን ራሱ የእነዚህ የሁለቱ ሞገድ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ ዋናው ጽሑፉ በ1865 ታተመ፡፡ ሞገዱን በሙከራ ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሄርትዝ ነው፤ ያም ከ1887 ጀምሮ፣ ማክስዌል ከሞተ በኋላ ነበር፡፡ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ የእጅ ስልካችንም የዚያ ልጆች ናቸው፡፡ ማክስዌል በ1871 በካምብሪጅ የካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፡፡ ሕንፃውን ከመሠረቱ አሠርቶ በ1874 ሥራ አስጀመረ፡፡ ብዙም ሳይቆይ እናቱን በገደለው በካንሰር ሕመም ተያዘ፡፡ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1879 በ48 ዓመቱ ዐረፈ፡፡ የተቀበረው ባደገበት ገጠር አቅራቢያ በፓርተን ነው፡፡

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 14፣ በዚያው በእንግሊዝ በሊድስ ከተማ አንድ የ18 ዓመት ኢትዮጵያዊ ሞተ፤ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፡፡ የልዑሉ የትውልድ ዓመት ሆኖ የሚጠቀሰውም 1861 ነው፤ ጥብጣቡ ከነቀለሙ የታየበት ዓመት፡፡ ሕፃኑ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ በገባበት በ1868 በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች፡፡ የሐዘንተኛውን ልጅ ፊት ያየ ሰው አይረሳውም፡፡ ፎቶው ግን ቀለም የለውም፡፡

ዕውቀቱ ያኔ ነበር፡፡ በዚያችው አገር፣ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቀለምን በሦስት ማጣሪያ መያዝ እንደሚቻል በአደባባይ ታይቷል፡፡ ይሁን እንጂ ባለቀለም ፎቶግራፍ በገበያ የሚገኝ ነገር እስኪሆን እስከ 1907 መጠበቅ ግድ ሆነ፡፡ ዛሬ የልዑሉን ፎቶ በኮምፒዩተር ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ግምት እንጂ ምስክርነት አይሆንም፡፡ የልብሱ ጥለት ቀይ ይሁን ሰማያዊ ከዚያ ፎቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም፡፡ ስለዚህ በሠርግም፣ በልደትም፣ በምርቃትም ቀን በጄል መጫወት ለሚወዱ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፡፡ ተጫወቱ፤ ነገር ግን አንዷን ያለ ጄል አንሱ፡፡ ሳይመዘገብ ያለፈ ቀለም በይግባኝ አይመለስም፡፡